እናቴ ያልተሳፈረችበት ባቡር

ኮምቦልቻ ሐዲድ አለን፣ ጣቢያ አለን፣ ድልድዩም ዋሻውም አለን። የቀረን ባቡሩ ነው። ከድሬ ዳዋ ከተመለስኩ ጀምሮ እናንተ የሰፈሬ ሰዎች «ጋሽ ሰይድ፣ እስቲ ባቡር እንዴት ነው? እውነት አልጋ አለው?» እያላችሁ መውጫ መግቢያ ስላሳጣችሁኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ ከምለፈልፍ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት የደሴ አዲስ አበባ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬያለሁ፤ እጄ የለመደው መሪ ነው። ብሳሳት አፉ፣ ይቅር በሉኝ።

በመጀመሪያ ለምን በባቡር እንደሄድኩ ልንገራችሁ። እናቴን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ መኪና አይስማማትም ነበር። ከዚህ ሐርቡ ለመድረስ እንኳ ሎሚ አፍንጫዋ ላይ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሁለት ጊዜ አስቁማ ነው። የሾፌር እናት ሆና ለቅሶ በእግሯ ትሄድ ነበር። የሐዲዱ ሥራ ሲጀመር ታዲያ አንዱ ሠራተኛ «ባቡር አያንገላታም እማማ፣ አልጋ አለው፣ ተኝተው ነው የሚሄዱት» አላት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የላትም። «እንድሪስን የማየው በባቡር ተኝቼ ነው» ትላለች። እንድሪስ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ድሬ ዳዋ አግብቶ እዚያው ቀርቷል። ሐዲዱ ደረሰ። ባቡሩ ሳይደርስ እሷ ሄደች፣ ሰባት ዓመት ሆናት።

እኔና እንድሪስም ከቀበርናት ማግስት ጀምሮ ተነጋግረን አናውቅም። ምክንያቱን ባቡሩ ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ፤ እዚህ ላይ ብጀምረው አልጨርሰውም።

ባለፈው ረመዳን አንድ ቀን ብቻዬን ላፈጥር ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ማዕዱ ሰፍቶኛል። ቴምሩን ሳነሳ ከእናቴ ማህፀን የቀረነው እኔና እሱ ብቻ መሆናችን ትዝ አለኝና ቴምሩን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩት። እናቴ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ትል ነበር። እኔ ስጫወት ሰባት ዓመት አለፈኝ። ዒድ አልፎ ጉልበቴ ሻል ሲለኝ ተነሳሁ።

ሐሙስ። የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ደሴ ገባሁ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ወጥቶ ደሴ የገባ ሰው ኮቱን የሚያስታውሰው ፒያሳ ሲደርስ ነው፤ እኔም እንደዚያው ሆንኩ። ሆጤ ሰፈር የአክስቴ ልጅ ዘይነባ ትንሽ ሱቅ አላት። ደግ ናት፣ ግን ድምፅዋ ከተፈጥሮዋ የለቅሶ ነው። ሰርግ ስትጠራ እንኳ ሰው «ማን ሞተ?» ይላታል። ከእንድሪስ ጋር በስልክ የምትገናኝ እሷ ብቻ ስለሆነች መልእክቱን ለሷ መስጠት ነበረብኝ።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ደውይለት። ሰይድ አፉ በለኝ ብሏል በይው። ሌላ ምንም አትጨምሪ» አልኳት።

«ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?» ብላ እንባ አቀረረች።

«ኧረ ደህና ነኝ! ልሄድበት ነው። መምጣቴን ካወቀ በር ይዘጋብኛል፤ ልቡ ትንሽ ከለሰለሰ በኋላ ድንገት ልድረስበት። የት እንደሄድኩ ለማንም እንዳትናገሪ። ወላሂ በይ።»

«ወላሂ» አለች እየተነፋረቀች።

የዘይነባ ጥያቄ ትክክል ነበር። በእኛ አገር ሰው በሩቅ አፉታ የሚልከው ለሐጅ ሲነሳ ነው፣ አለዚያም አልጋ ላይ ሆኖ ተስፋው ሲቆረጥ። እኔ ግን ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ያንን አላሰብኩትም። ራቴን አብልታኝ፣ በሁለት ብርድ ልብስ ጠቅልላ አስተኛችኝ።

ዓርብ። በአዲስ አበባው አውቶቡስ ተሳፈርኩ፤ አውቶቡሱም ከደሴ ወርዶ በገዛ ደጄ፣ በኮምቦልቻ በኩል አለፈ። ማደሪያዬን እያየሁ ሳልፍ ሳቄ መጣ። ሾፌር መንገደኛ ሲሆን እንዴት ያለ መከራ እንደሆነ አልነግራችሁም። ኩርባ በመጣ ቁጥር ቀኝ እግሬ የሌለ ፍሬን ሲረግጥ ዋለ። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከገጠር የመጡ፣ አይተው አይተው «ወንድሜ፣ እግርዎን ቁርጥማት ነው?» አሉኝ።

«አይ አባ፣ ሥራ ነው» አልኳቸው። ነገሩ ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቆሎአቸውን ከፍለው እጄ ላይ ዘረገፉልኝ።

ሸዋሮቢት ላይ ወደ ጎረቤቴ ልደውል ብዬ ኪሴን ብዳብስ ስልኬ የለም። ዘይነባ ሱቅ ቻርጅ ላይ ሰክቼ ትቼው መጥቻለሁ! ቄሱ የራሳቸውን ስልክ ሰጡኝ። ይዤው ተቀመጥኩ። ለካ በቃሌ የማውቀው ቁጥር የእናቴን ብቻ ነው። መልሼ ሰጠኋቸው።

ደብረ ሲና ምሳ በልተን ልንነሳ ስንል ረዳቱ «ጎን ለጎን ተያዩ!» አለ። ይሄ የእኛ ሥርዓት ነው፤ እያንዳንዱ ጎኑን ያያል፣ ባዶ ወንበር ካለ ይናገራል። ጎኔን ባይ ቄሱ የሉም። «አንድ ሰው ቀርቷል!» ብዬ ጮህኩ። ቆምን። ቄሱ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሲሮጡ መጡና ሲቀመጡ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ሰው መንገድ ላይ ጥዬ አላውቅም። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፤ በኋላ ይገባችኋል።

አዲስ አበባ ለቡ አካባቢ አልጋ ያዝኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ መታወቂያዬን እየገለበጠች «ብቻዎን ነዎት አባባ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ትራስ፣ ሁለት ፎጣ፣ ሁለት ነጠላ ጫማ ነበር። አንዱን አንዱን ብቻ ተጠቅሜ ሌላውን እንዳለ ተውኩት።

ቅዳሜ። ጣቢያው ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ጸጥ ያለ ነው። የእኛን መናኸሪያ የለመደ ሰው ለቅሶ ቤት የገባ ይመስለዋል። «ደሴ ደሴ ደሴ!» የሚል የለም፣ ሻንጣህን የሚነጥቅህ የለም፣ ሎተሪ የሚያዞር የለም። ይፈትሹሃል፣ ትኬትህን ያያሉ፣ ትገባለህ። የመመለሻዬንም፣ የሰኞ ጠዋቱን፣ አብሬ ቆርጫለሁ።

አዎ፣ አልጋ አለው። በአንድ ክፍል ውስጥ ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ተደራርቦ፣ እንደ ሱቅ መደርደሪያ ነው። የእኔ የላይኛው ሆኖ ተገኘ። መሰላሉን ይዤ ጉልበቴን ስለማመጥ ሰዓቱ ሞላና ባቡሩ ድምፅ ሳያሰማ ተንቀሳቀሰ። በመስኮት ባይ አንዲት ሴት ፌስታል አንጠልጥላ ከአጥሩ ወዲያ ትሮጣለች።

«ሰው ቀርቷል!» ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። የደንብ ልብስ የለበሰችው አስተናጋጅ መጥታ በትሕትና «አባባ፣ ባቡር ሰው አይጠብቅም» አለችኝ። ሴትዮዋ እያነሰች እያነሰች ሄደች። እስክትጠፋ ድረስ ከመስኮቱ አልተነሳሁም፤ ወላሂ፣ ለማላውቃት ሴት።

ከታችኛው አልጋ አንዲት ወፍራም ሴት ብድግ አለች። «አቦ! አንተ ሰውዬ፣ እዚያ ላይ ወጥተህ ልትሰበር ነው? ና እዚህ ተኛ፣ እኔ እወጣለሁ!»

ሙና ትባላለች፣ የድሬ ዳዋ ልብስ ነጋዴ ናት። በመጀመሪያ ደሜ ፈላ። እኛ ጋ ሽበት ያለው ሰው አንተ አይባልም፤ እርስዎ ነው። ድሬ ግን ለሁሉም አንተ ነው፣ ንቀት የለበትም። ታችኛው አልጋ ላይ ጋደም ካልኩ በኋላ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። አንተ። የሚለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ጊዜው! እናቴ ትለኝ ነበር፣ ባለቤቴ ትለኝ ነበር፣ እንድሪስ ይለኝ ነበር። ከነሱ በኋላ ለሁሉም እርስዎ ሆኜ ቀረሁ። መከበር ደስ ይላል፣ ግን አያሞቅም።

ቢሾፍቱ አለፈ፣ አዳማ አለፈ። ባቡሩ እውነትም አያንገላታም። ሻይ ብርጭቆ ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀመጣል። እናቴ እዚህ ብትተኛ ኖሮ ሎሚዋን ወዲያ ትጥለው ነበር። ከመተሐራ ወዲያ ምድሩ ደረቀ፤ እሾህና ድንጋይ ሆነ። የእኛ ከሚሴ በበጋ ነው፣ ብቻ መጨረሻ የለውም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። እንግዲህ ያልኳችሁን ልንገራችሁ።

እናቴ ያረፈችው ለሱብሒ አዛን ሲል፣ ገና ሳይነጋ ነው። እንድሪስ ደወለ። «ጠብቁኝ፣ ተነስቻለሁ፣ እስከ ነገ ጠዋት ብቻ ጠብቁኝ» አለ። ሰዉ ጀናዛ፣ ሬሳ አይቆይም አለ፤ ልክ ነው፣ አይቆይም። እናንተም፣ እንድሪስም የምታውቁት እስከዚህ ነው። የማታውቁት የመስጊዳችን ሸህ ወደ ጎን ጠርተውኝ ያሉኝን ነው። «የሆዷ ልጅ መንገድ ላይ ነው፤ አንድ ሌሊት ብትቆይለት አላህ ይቅር ባይ ነው። ታላቅ እርስዎ ነዎት፣ ቃልዎን እጠብቃለሁ» አሉኝ። እኔ ግን ሁለት ወር ስትታመም አንድ ቀን አልመጣም ብዬ ቂም ይዤበት ነበር። ቂሜን በሃይማኖት ሸፍኜ «ትቀበር» አልኩ። ለዙህር፣ እኩለ ቀን ላይ ቀበርናት።

በማግስቱ ደረሰ። መቃብሩን አየ፣ እኔን አየ። «ለማታውቀው መንገደኛ ስንት ጊዜ ሞተር አጥፍተህ ጠብቀሃል፤ ለእኔ አንድ ሌሊት አቃተህ?» አለኝ። ቤት ሳይገባ ከዚያው ተመለሰ። እኔም የሸሁን ነገር ዋጥኩት። ሸሁም ሞቱ፤ ምስጢሩ እኔ ሆድ ውስጥ ብቻ ቀረ። ድሬ ዳዋ ይዤው የሄድኩት ስጦታ ይሄው ነበር።

አዋሽን አልፈን ባቡሩ ድንገት ቆመ። ግመሎች ሐዲዱ ላይ ተኝተዋል። ሙና ከላይ ሆና «ለሰው አይጠብቅም፣ ለግመል ይጠብቃል!» አለች፤ ሳቅኩ። ከሐዲዱ ትንሽ ወዲያ አስፋልቱ ይታያል። ከድሬ ዳዋ በኩል አንድ ቀይ አውቶቡስ እየበረረ መጣ፣ ጎማውን፣ ጭነቱን፣ ሾፌሩ ኩርባውን እንዴት እንደያዘ አየሁ። ጎበዝ ሾፌር ነው ብዬ በልቤ አደነቅሁት።

አመሻሽ ላይ ድሬ ዳዋ ደረስን። ሙቀቱ የዳቦ ምድጃ የከፈቱብህ ያህል ነው። ሙና «አንተን ብቻህን ለባጃጅ አልሰጥህም» ብላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ እንድሪስ ግቢ ድረስ አደረሰችኝ። በሩን የከፈተችው የእንድሪስ ሚስት ሐሊማ ናት። ጥቁር ለብሳለች። ከኋላዋ ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ተነጥፎ ሴቶች ተቀምጠዋል።

እንድሪስ ሞተ! ደረስኩበት ስል ቀደመኝ።

ሐሊማ ግን እኔን አይታ ወደ ኋላ ዘለለች። «ቢስሚላህ! አንተ... አልሞትክም እንዴ?»

ነገሩን ስትነግረኝ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ዘይነባ ዓርብ በዚያ ድምፅዋ ደውላ «ጋሽ ሰይድ አፉ በለኝ ብለዋል» ትለዋለች። እንድሪስ «ታላቄ አልጋ ላይ ነው» ብሎ፣ በሰባት ዓመቱ ወደ እኔ ስልክ ይደውላል። ስልኬ ያለው ዘይነባ ሱቅ! አነሳችው። «ሰይድስ?» ሲላት፣ የት እንደሄድኩ እንዳትናገር አስምያታለሁና ምን ትበል? «የለም» አለች እየተነፋረቀች። እንድሪስ ሌላ አልጠየቀም። «ጠብቁኝ! አንዴ እንኳ ጠብቁኝ በያቸው!» ብሎ ጮኾ ዘጋው። ቅዳሜ ገና ሳይነጋ በአውቶቡስ ተነሳ። ያ ቀይ አውቶቡስ ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል።

ለእንድሪስ ደወልን፣ ስልኩ ዝግ ነው። ሴቶቹ ለእኔ ለቅሶ የቀረበውን ፈጢራ የሚባል በእንቁላል የተጠበሰ ስስ ቂጣ ለእኔው አቀረቡልኝ። የገዛ ሰደቃዬን በላሁ፣ ጣፋጭ ነበር። ከሙቀቱ የተነሣ አልጋ ግቢ አውጥተው አነጠፉልኝ። የወንድሜ አልጋ ነው። እኔ በሱ አልጋ፣ እሱ ወደ እኔ መንገድ ላይ። ደሴ ቢሆን በሁለት ብርድ ልብስ ውስጥ እደበቅ ነበር፤ እዚያ ግን መደበቂያ የለም።

እሁድ። ረፋድ ላይ የሐሊማ ስልክ ጠራ። እዚህ መሆኔንና የሰኞ ትኬቴን ነግራው «ያንተ ነው» ብላ ሰጠችኝ።

«በርህ ተቆልፎ ሳይ ቀበሩት አልኩ» አለ እንድሪስ። ድምፁ አርጅቷል። «መቃብር ሄድኩ። ከእማዬ ጎን አዲስ አፈር ፈለግሁ፣ የለም። ጎረቤትህ ናት በደህና መንገድ ሄደዋል ያለችኝ። አንተ፣ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ሳትሞት ነው እንዴ አፉ የምትልከው?»

አንተ አለኝ። ተንሰቅስቄ አለቀስኩ፣ ሐሊማ ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ።

«እንድሪስ፣ የማታውቀው ነገር አለ። ሸሁ ያን ቀን...»

«ስልክ ላይ አትንገረኝ» አለ። «ዛሬ እማዬን ላጫውታት፣ ነገ እነሳለሁ። ፊት ለፊት ትነግረኛለህ። ጠብቀኝ።»

«እጠብቅሃለሁ።»

«ባቡርህስ? ሰኞ ነው አሉ።»

«ይሂድ» አልኩት።

ሰኞ። ባቡሩ ሄደ። ትኬቱ ኪሴ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔ ግቢው በር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ሐሊማ ሻይ በወተት ታመላልስልኛለች፤ «አቦ ብላ እንጂ!» ትለኛለች። ሻዩ ሳልነካው ይቀዘቅዛል። ሸሁ ያሉኝን ሲሰማ ተነስቶ ቢሄድስ? ያን ጊዜ ሳያውቅ ነው ሰባት ዓመት የዘጋኝ፤ አውቆ ቢዘጋኝ ዕድሜም አይበቃን።

ማክሰኞ። እንድሪስ አዋሽ አድሮ ነበር። አውቶቡሱ ረፋድ ላይ መናኸሪያ ገባ። በሩ አጠገብ ቆሜ የሚወርደውን አንድ በአንድ አየሁ። እናት ከነልጇ ወረደች፣ ወታደር ወረደ፣ ዶሮ የያዘ ሰው ወረደ። ከዚያ ማንም አልወረደም። ሾፌሩ በሩን ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

«አልቋል አባባ» አለኝ።

«አላለቀም» አልኩት። «አንድ ሰው ቀርቷል።»

ገባሁ። መጨረሻ ወንበር ላይ ራሱን መስኮቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። አጠገቡ ባለው ወንበር ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አለ፤ በኋላ እንደነገረኝ የእናቴ መቃብር አፈር ነው። ፀጉሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ስንለያይ አንድም ሽበት አልነበረውም። ላነቃው አልቻልኩም። ሾፌሩ «ጋራዥ ልገባ ነው እኮ» ሲል «ትንሽ ጠብቀን፣ እኔም ሾፌር ነበርኩ» ብዬ ለመንኩት። ሞተሩን አጠፋ።

ጸጥ ሲል ነቃ። አየኝ። «ጠበቅከኝ?» አለ።

እዚያው ባዶ አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ ነገርኩት። ሸሁ ያሉኝን፣ እኔ ያልኩትን፣ አንድም ሳላስቀር። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ሰማኝ። ጨርሼም ፊቱን ከመስኮቱ አልመለሰም። ከዚያ ፌስታሉን አንስቶ አጠገቡ ያለውን ወንበር ለቀቀልኝ።

«አፉ ብዬሃለሁ» አለ። «አንተ ክፉ።»

ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ውጭ ጥላ ውስጥ ቆሞ ጠበቀን።